አብራሪ የአየር ጠባይን ከስክሪን ምን ያህል ይማራል?

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያሉ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ቀንም ሌትም በየጊዜው አንዲት አጭር መስመር ጽፈው ለዓለም ይለቃሉ። ከአዲስ አበባ የሚነሳውም፣ ከፍራንክፈርት ወይም ከዱባይ ወደዚህ የሚመጣውም አብራሪ ያቺን መስመር ሳያይ አይንቀሳቀስም። ሜታር ትባላለች። ምስጢር አይደለችም፣ ክፍያም የላትም። አሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ የሚገኘው የአቪዬሽን አየር ጠባይ ማዕከል የዓለምን ማረፊያዎች ሜታር በድረ ገጹ ያወጣል፤ የቦሌን ባለ አራት ፊደል መለያ፣ ኤችኤኤቢን፣ ማስገባት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንድ የክረምት ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲህ ያለ መስመር ብታገኙ ምን ትላላችሁ?

ኤችኤኤቢ 151200ዜድ 09014ኬቲ 9999 ፊው025ሲቢ ቢኬኤን080 22/12 ኪው1022

መስመሩ ለማሳያ ያዘጋጀሁት ነው፤ እውነተኛው በላቲን ፊደል ይመጣል እንጂ አሠራሩ ይኸው ነው። 15 የሚለው ቀኑ ነው፤ በፈረንጆች የወሩ 15ኛ ቀን። 1200 ሰዓቱ ነው። ከኋላው የተለጠፈችው «ዜድ» ሰዓቱ የግሪንዊች መሆኑን ትናገራለች፤ የዓለም አቪዬሽን በሙሉ የሚሠራው በዚህ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ ቦሌ ግድግዳ ላይ ባለው ሰሌዳ 15:00፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል ማለት ነው። የኢትዮጵያ ተማሪ እዚህ ላይ ከሌላው አገር ተማሪ አንድ እርምጃ ይበዛበታል፤ ሦስት የሰዓት አቆጣጠር በአንድ ጭንቅላት ይዞ መዞር አለበት። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ትንበያው «በ1500 ነጎድጓድ ይጠበቃል» ሲል «ዜድ»ን ሳያይ 9 ሰዓት ብሎ የተረዳ ሰው ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ስቷል፤ ትክክለኛው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነበር።

ቀጥሎ ያለው ነፋስ ነው። ከ90 ዲግሪ፣ ማለትም ከምሥራቅ፣ በ14 ኖት ይነፍሳል፤ በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን ሲነሳም ሲያርፍም ነፋሱን ፊት ለፊት መቀበል ስለሚመርጥ፣ የቦሌ ሁለት ማኮብኮቢያዎችም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሰያፍ የተዘረጉ ስለሆኑ፣ በዚህ ነፋስ ወደ ምሥራቅ አቅጣጫ ይነሳሉ። 9999 ማለት ዓይን እስከ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ያያል ማለት ነው። «ቢኬኤን080» በ8,000 ጫማ ላይ ከሰማዩ ስምንት እጅ ከአምስት እስከ ሰባት እጁን የሸፈነ ደመና አለ ይላል። 22 የአየሩ ሙቀት፣ 12 የጤዛ ነጥብ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች እየተቀራረቡ ሲመጡ ጉም ሊወርድ ይችላልና አብራሪው ያን ክፍተት ይከታተላል። የመጨረሻው 1022 የአየር ግፊት ነው፤ ከፍታ መለኪያው የሚስተካከለው በእሱ ነው።

የዘለልኳት አንዲት ቁራጭ አለች፤ «ፊው025ሲቢ»። «ፊው» ከስምንት እጅ አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ የያዘ ጥቂት ደመና ነው። የተቀረው መስመር በሙሉ መልካም ቀን ነው ይላል። «ሲቢ» የምትለዋ ሁለት ፊደል ግን ሁሉን ትለውጠዋለች። ሜታር የደመናን ዓይነት በስሙ የሚጠራው ከስንት አንዴ ነው፤ ከሚጠራቸው ሁለት ዓይነቶች አንዱ ይህ ኩሙሎኒምበስ የሚባለው፣ መብረቅና በረዶ የሚያወርደው ደመና ነው። ጥቂት መሆኑ አያጽናናም። አንዱ ብቻ በማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ቢቆም ይበቃል።

እስካሁን ያልኩትን ለመማር መምህር ፊት መቀመጥ አያስፈልግም። የአየር ጠባይ ከሌሎቹ የበረራ ትምህርቶች ይበልጥ ለኦንላይን የተመቸ ነው ብዬ የማምነውም ለዚህ ነው። ዛሬ አብራሪው በሥራው ላይ ሳለም የአየር ጠባይን በአብዛኛው የሚያገኘው በኮድ፣ በካርታ፣ በሳተላይት ምስልና በራዳር ሥዕል፣ ማለትም በስክሪን ነው። በስክሪን የሚሠራበትን ነገር በስክሪን ቢማረው ምንም የሚጎድል አይመስልም። የሚጎድል ነገር ግን አለ፤ ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ትምህርቱ ከየት እንደሚገኝ እንይ።

ከአሜሪካ የሚወጣው ሀብት በዓይነቱም በብዛቱም ይልቃል። ኤፍኤኤ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ2022 (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቀድሞ በተለያዩ ሰነዶች ተበታትኖ የነበረውን የአየር ጠባይ ትምህርት በአንድ ጥራዝ ሰብስቦ አውጥቶታል፤ ማንም ሰው ከድረ ገጹ አውርዶ ማንበብ ይችላል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ላለ ተማሪ፣ አንዴ ወርዶ ስልክ ውስጥ የሚቀመጥ መጽሐፍ ከማንኛውም ቪዲዮ ይሻላል። ኤኦፒኤ የሚባለው የአሜሪካ የግል አብራሪዎችና የአውሮፕላን ባለቤቶች ማኅበር የደኅንነት ተቋም አለው፤ ስለ ደመና ጣሪያና ስለ ዕይታ፣ ስለ በረዶ፣ ስለ ነጎድጓድ የሚያስተምሩ አጫጭር ኮርሶችን ያዘጋጃል። ናሳ ደግሞ፣ ብዙ ሰው በጨረቃና በማርስ ብቻ የሚያውቀው ናሳ፣ ኦሃዮ ክሊቭላንድ ባለው ግሌን የምርምር ማዕከሉ በኩል በክንፍ ላይ ስለሚጋገር በረዶ ለአብራሪዎች የኦንላይን ኮርስ አዘጋጅቷል። የማዕከሉ ተመራማሪዎች በትዊን ኦተር አውሮፕላን ሆን ብለው በረዷማ ደመና ውስጥ እየገቡ ለዓመታት አጥንተዋል። ትዊን ኦተር የእኛም አየር መንገድ በአገር ውስጥ መስመሮች ሲያበርረው የኖረ አውሮፕላን ነው።

ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ ሜትኤድ አለ። ኮሎራዶ፣ ቦልደር ከተማ ያለው፣ በ1989 የተቋቋመው ኮሜት የተባለ ፕሮግራም የሚያዘጋጀው የትምህርት ድረ ገጽ ነው። በመጀመሪያ የታሰበው ለትንበያ ባለሙያዎች ስለነበር ለጀማሪ አብራሪ አንዳንዱ ትምህርት ይከብዳል። ነገር ግን ጉም እንዴት እንደሚፈጠርና እንዴት እንደሚበተን፣ የሳተላይት ምስል እንዴት እንደሚነበብ በቁም ነገር መማር ለሚሻ ከዚህ የተሻለ ነጻ ምንጭ አላየሁም። ስለ ሐሩራማ አካባቢዎች የአየር ጠባይ ራሱን የቻለ የመማሪያ መጽሐፍም አለው፤ ለእኛ ለምን እንደሚጠቅም በኋላ እመለስበታለሁ።

ኦንላይን ትምህርት ከመምህርና ከጥቁር ሰሌዳ በግልጽ የሚበልጥበት አንድ ርዕስ ምረጥ ብባል የነፋስ ድንገተኛ ለውጥን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ይህን አደጋ በቃል ማስረዳት ከባድ፣ በተንቀሳቃሽ ምስል ማሳየት ግን ቀላል ነው። ታሪኩም መነገር ያለበት ነው።

ሰኔ 24 ቀን 1975 ከኒው ኦርሊንስ የተነሳ የኢስተርን አየር መንገድ ቦይንግ 727 ኒው ዮርክ፣ ኬኔዲ ማረፊያ ሊያርፍ ጥቂት ሲቀረው ነጎድጓዳማ ዝናብ ውስጥ ተከሰከሰ፤ 113 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱን እንዲያጠኑ ከተጠየቁት መካከል በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ቴትሱያ ፉጂታ የተባለ ጃፓን ተወላጅ ሳይንቲስት ነበር። ፉጂታ በ1945 ወጣት መምህር ሳለ ይኖር የነበረው ኮኩራ አካባቢ ነው። ሁለተኛው የአቶሚክ ቦምብ የታሰበው ለኮኩራ ነበር፤ ከተማዋን ደመናና ጭስ ስለሸፈናት አውሮፕላኑ ወደ ናጋሳኪ ዞረ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፉጂታ ፍርስራሹን ሊያጠና ሲሄድ፣ ዛፎቹ ከአንድ መካከለኛ ነጥብ ወደ ውጭ በሁሉም አቅጣጫ ወድቀው አየ። ከብዙ ዓመታት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ከባድ ማዕበል ያለፈበትን ደን ከአውሮፕላን ላይ ሲመለከት ያንኑ ቅርጽ በድጋሚ አገኘው። ቦምብ በሌለበት ዛፍን ከመሐል ወደ ውጭ የሚጥለው ምንድን ነው? ከላይ ቁልቁል የወረደ ነፋስ መሆን አለበት አለ። ብዙዎች አላመኑትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኩሙሎኒምበስ ውስጥ ዝናቡ አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ አየር ይከብዳል፤ ከከበደ በፍጥነት ወደ ታች ይወርዳል። መሬት ሲነካ ሊሾ ላይ እንደተደፋ የባልዲ ውሃ በሁሉም አቅጣጫ ይረጫል። ስፋቱ ከ4 ኪሎ ሜትር ያነሰ፣ ዕድሜው የደቂቃዎች የሆነውን ፉጂታ ማይክሮበርስት አለው። አሁን አንድ አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ብሎ በዚህ ውስጥ ሲያልፍ አስቡ። መጀመሪያ የሚገጥመው ወደ እሱ የሚነፍስ ኃይለኛ የፊት ነፋስ ነው። የፍጥነት መለኪያው ከፍ ይላል፣ አውሮፕላኑም ከታሰበው የመውረጃ መስመር በላይ ይንሳፈፋል። አብራሪው፣ በሌላ ቀን ትክክል የሚሆነውን አድርጎ፣ የሞተሩን ኃይል ይቀንሳል። ወዲያው ከመሐሉ ሲደርስ ቁልቁል የሚወርደው አየር ይጫነዋል። ከመሐሉ ሲወጣ ነፋሱ ከኋላው ይሆናል፤ ክንፉን ተሸክሞት የነበረው የፍጥነት ትርፍ በሴኮንዶች ውስጥ ይጠፋል። ትልቅ የጄት ሞተር ከዝቅተኛ ኃይል ወደ ሙሉ ኃይል ለመድረስ ሴኮንዶች ይፈልጋል፤ መሬቱ ደግሞ ቅርብ ነው። ማታለያው ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። የመጀመሪያው ምልክት አደጋ አይመስልም፤ ፍጥነት ሲጨምር ማን ይደነግጣል?

ነሐሴ 2 ቀን 1985 የዴልታ አየር መንገድ 191 በረራ ዳላስ ፎርት ወርዝ ላይ ለማረፍ ሲጠጋ በዚሁ ዓይነት ነፋስ ተመትቶ 137 ሰዎች ሲሞቱ ጉዳዩ ከሳይንቲስቶች ክርክር ወጣ። በ1987 ኤፍኤኤ ከአውሮፕላን አምራቾች ጋር የተሠራ ሰፊ የሥልጠና ጥቅል አወጣ፤ አየር መንገዶችም በሲሙሌተር ያለማምዱት ጀመር። ማረፊያዎች ላይ ልዩ ራዳር ተተከለ፣ አውሮፕላኖች ላይም ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ተገጠመ። በ1994 ሻርሎት ከተማ ላይ በተመሳሳይ ምክንያት 37 ሰዎች የሞቱበት አደጋ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች ላይ ያ ዓይነት አደጋ አልተደገመም። ሥልጠናው ብቻውን አላዳነም፤ ራዳሩም መሣሪያውም ድርሻ አላቸው። ቢሆንም የመጀመሪያው መድኃኒት አብራሪው የሚያየውን እንዲያውቀው ማድረግ ነበር። ዛሬ አንድ ተማሪ ይህንኑ በአሥር ደቂቃ ተንቀሳቃሽ ምስል፣ አውሮፕላኑን በነፋሱ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ እየመለሰ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያየዋል። እውነቱን ለመናገር የብዙ ሰው ሕይወት የተከፈለበት ትምህርት በዚህ ዋጋ መገኘቱ አንዳንዴ ያስገርመኛል።

ስክሪኑ የማይሰጠው ምንድን ነው? በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመሣሪያ ብቻ የመብረር ሥልጠና የሌላቸውን 20 ሰዎች ወስደው፣ ደመና ውስጥ የገቡ ያህል ውጭውን እንዳያዩ ጋርደው አውሮፕላን አስነዱአቸው። ሃያዎቹም ከቁጥጥር ውጭ ሆኑ። የፈጠነው በ20 ሴኮንድ፣ የቆየው በ480 ሴኮንድ፤ አማካዩ 178 ሴኮንድ፣ ሦስት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ጊዜ ነበር። ሞኞች ስለሆኑ አልነበረም። በውስጠኛው ጆሯችን ያለው የሚዛን ስሜት ዓይን ካልደገፈው ይዋሻል፤ አውሮፕላኑ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሰውየው ቀጥ ብዬ እየሄድኩ ነው ብሎ ይምላል። መሣሪያው እየዞርክ ነው ይለዋል፣ ገላው አይደለም ይለዋል፤ ያልሠለጠነ ሰው ገላውን ያምናል።

ይህን ቁጥር የሚጠቅሱ ኮርሶች ብዙ ናቸው። ቁጥሩን ማወቅና ያን መዞር በጆሮ ውስጥ መስማት ግን ይለያያሉ። ፈተናውን መቶ ከመቶ ያገኘ ተማሪ ደመና ውስጥ ሲገባ ጆሮው ፈተና ማለፉን አያውቅለትም። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ከአስተማሪ ጋር፣ እውነተኛ አውሮፕላን ውስጥ፣ መሣሪያውን እያመኑ መብረር። ከዚያ በፊት የሚቀድመው ደግሞ ወደ ደመናው አለመግባት ነው። ጥሩ ኮርሶችን ከመጥፎዎቹ የምለየውም በዚህ ነው። መጥፎው ኮርስ የደመና ስሞችን በቃል ያስይዛል። ጥሩው ጉዞ ያስጀምራችኋል፤ ሜታሩን ሰጥቶ «ትነሳለህ?» ይላል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ጣሪያው ዝቅ ማለቱን ያሳይና «አሁንስ?» ይላል፣ ማረፊያው ሃያ ኪሎ ሜትር ሲቀረው ዝናቡን ያመጣና «አሁንስ ትመለሳለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው ሊደርስ ሲል መመለስ ይከብደዋል። ትምህርቱ ያን መክበድ ቀድሞ ካላሳየው ምን ሊጠቅመው ነው?

ተቆጣጣሪዎቹም ቢሆኑ በስክሪን ብቻ አይረኩም። አሜሪካ ውስጥ የግል አብራሪ በየ24 ወሩ ከአስተማሪ ጋር የበረራ ግምገማ የማድረግ ግዴታ አለበት። ኤፍኤኤ ዊንግስ የተባለ የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም አለው፤ አንድ ደረጃ የጨረሰ ሰው ግምገማውን እንዳደረገ ይቆጠርለታል። ደረጃውን ለመጨረስ በኦንላይን ኮርሶች ሊሟሉ የሚችሉ ሦስት የዕውቀት ነጥቦች ያስፈልጋሉ፤ ከእነሱ ጋር ግን ከአስተማሪ ጋር በመብረር የሚገኙ ሦስት የበረራ ነጥቦች የግድ ናቸው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ሚዛኑን በትክክል ያስቀመጡት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። እነዚህ ኮርሶች ባብዛኛው የተጻፉት ለአሜሪካና ለአውሮፓ ሰማይ ነው፤ ይህ ሲጀመር በመለኪያዎቹ ይታያል። አሜሪካኖች ግፊትን በኢንች፣ ዕይታን በማይል ይሰጣሉ፤ ቦሌ በሄክቶፓስካልና በሜትር። የእነሱ 29.92 የእኛ 1013 ነው። ቨርጂኒያ ወይም ቴክሳስ ተምሮ የሚመጣ ወጣት ይህን ያውቀዋል፣ ግን በልማድ እጁ ወደ ድሮው ይሄዳል። ሁለተኛው ልዩነት የበለጠ ይጠልቃል። በእነዚያ ኮርሶች ውስጥ ትልቁን ቦታ የሚይዘው ቀዝቃዛና ሞቃት የአየር ክምችቶች የሚጋጩበት ድንበር ነው። የኢትዮጵያ ዝናብ በአብዛኛው በዚያ መንገድ አይመጣም። የእኛ ክረምት የሚገባው የሰሜንና የደቡብ ነፋሶች የሚገናኙበት፣ የሜትሮሎጂ ሰዎች አይቲሲዜድ የሚሉት ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ ነው። ረፋዱ ላይ ጠርቶ የነበረው ሰማይ ከሰዓት በኋላ በተራሮቹ ላይ ተቆልሎ ነጎድጓድ ይሆናል። ቅድም የጠቀስኩት የሜትኤድ የሐሩር መጽሐፍ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ይህ ቀበቶ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ደግሞ ሰኔ 1 ቀን 2009 አትላንቲክ ላይ የወደቀው የኤር ፍራንስ 447 በረራ ምስክር ነው፤ በከፍታ ላይ ያሉ የበረዶ ቅንጣቶች የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹን ደፈኑ፣ አውቶፓይለቱ ተላቀቀ፣ ከዚያ በኋላ በተፈጠረው ግራ መጋባት 228 ሰዎች ጠፉ።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በደረጃው መሠረት እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ዜሮ ዲግሪ ገደማ መሆን ነበረበት፤ በምሳሌያችን 22 ነው። ሞቃት አየር ሳሳ ያለ ነው። ስሌቱ ሲሠራ ክንፉም ሞተሩም የሚሰማቸው አየር የ10,000 ጫማ፣ ማለትም የ3,000 ሜትር ገደማ አየር ይሆናል፤ ከእንጦጦ ጫፍ ብዙም አያንስም። አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል፣ ሽቅብ መውጣቱም ይዘገያል። በባሕር ዳርቻ ሜዳ ላይ የተማረ ሰው ይህን ርዕስ በአንድ ገጽ አልፎት ይሆናል፤ እኛ ዘንድ የየቀን ሥራ ነው። በረዶም እንዲሁ። አገራችን ሙቅ ናት ብሎ የናሳን ኮርስ የሚዘል ተማሪ ተሳስቷል። በእኛ ኬክሮስ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው በ15 እና በ16 ሺህ ጫማ አካባቢ ነው፤ በአገር ውስጥ የሚበርሩት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች የሚጓዙት ከዚያ በላይ ነው። ሲወጡም ሲወርዱም በዚያ ደመና ውስጥ ያልፋሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ስለ ራዳር ሥዕል ነው። በትንሽ አውሮፕላን ውስጥ በታብሌት ላይ የሚታየው ባለ ቀለም የዝናብ ሥዕል ከመሬት ራዳሮች ተሰብስቦ፣ ተገጣጥሞ፣ ተልኮ የሚደርስ ነው። በሥዕሉ ጥግ ላይ «ከ1 ደቂቃ በፊት» የሚል ሊጻፍ ይችላል። ያ ደቂቃ የሚቆጥረው ሥዕሉ ከተገጣጠመበት እንጂ ራዳሩ ዝናቡን ካየበት ጊዜ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2012 ባወጣው ማስጠንቀቂያ እውነተኛው ዕድሜ በከፋ ሁኔታ ከሚታየው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሊበልጥ እንደሚችል ገልጿል። ማይክሮበርስት ተወልዶ የሚሞተው ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ነጎድጓዱን በሩቅ ለመዞር ይጠቅማል፤ በሁለት ቀይ ነጠብጣቦች መካከል ሾልኮ ለማለፍ ግን አይሆንም። የኤፍኤኤ ምክር ከከባድ ነጎድጓድ ቢያንስ 20 ማይል መራቅ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው አካሄድ ቀላል ነው። በየቀኑ የቦሌን ሜታር አንብቡ፣ ከዚያ መስኮት ከፍታችሁ ሰማዩን እዩ፤ ቁጥሩና ሰማዩ ምን ያህል እንደሚገጣጠሙ ማመሳከር ከማንኛውም ፈተና በላይ ያስተምራል። አዲስ አበባ ያልሆነ ሰው በቅርቡ ያለውን ማረፊያ ይውሰድ። ከዚያ ታፍ ወደሚባለው ትንበያ እለፉ፤ ጠዋት የወጣውን አስቀምጡና ማታ ከሆነው ጋር አነጻጽሩ። ኮርሶቹ ሲያልቁ የሚሰጡት የምስክር ወረቀት ፈቃድ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ኦንላይን የተማራችሁት እንዲቆጠርላችሁ የምትፈልጉ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የምትማሩበትን ትምህርት ቤት ጠይቁ። ለነጻዎቹ እንኳ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም።

አብራሪ የመሆን ሐሳብ የሌለውም ሰው ቢሆን ትንሽ ቢያውቅ አይከፋም፤ በተለይ በክረምት ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጅማ የሚበርር ሰው። አውሮፕላኑ ከመድረሻው በላይ ሲዞር ይቆይና ተመልሶ ቦሌ ሲያርፍ ተሳፋሪው ይቆጣል። ከመነሳቱ በፊት ግን ነዳጁ የተሰላው እስከ መድረሻው ብቻ ሳይሆን ተለዋጭ ተብሎ እስከተያዘው ማረፊያ ጭምር ነው፤ በዚያም ላይ ለ30 ደቂቃ የሚበቃ፣ የማይነካ መጠባበቂያ ይጨመርበታል። ትንበያው ላይ «ቴምፖ» የሚል ቃል ካለ መጥፎው ሁኔታ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች እንደሚቆይ ተገምቷል ማለት ነው፤ አብራሪው በአየር ላይ እየዞረ የሚጠብቀው ያን ተስፋ አድርጎ ነው። ጥበቃው የሚያበቃው ለጥበቃ የተያዘው ነዳጅ ሲያልቅ ነው፤ የቀረው የተለዋጩ ማረፊያና የመጠባበቂያው ድርሻ ነውና ጉሙ ሊገለጥ ጥቂት የቀረው ቢመስልም አውሮፕላኑ ይመለሳል።